የልጃገረዶች የቲያትርና የውዝዋዜ ስልጠና በሐዋሳ፦ በወር 1,500 ብር ያዋጣል?

ሐዋሳ ውስጥ ሴት ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ልጄ ከመስከረም ጀምሮ የምትማርበትን የቲያትር፣ የድምፅና የውዝዋዜ ስልጠና ቤት ነው የምገመግመው። ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም እየደወለ ስለሚጠይቀኝ፣ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ መረጃው። ቤቱ ታፔላ የለውም። አቶቴ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አረንጓዴ በር ያለው የኪራይ ግቢ ነው። ከፒያሳ ባጃጅ ይዛችሁ ትደርሳላችሁ። የሚማሩት ከ10 እስከ 17 ዓመት ያሉ ሴቶች ብቻ ናቸው። ዋናዋ አሰልጣኝ ቲያትር በዩኒቨርሲቲ የተማረች ሴት ናት፤ ልጆቹ «ሚስ» ነው የሚሏት። ውዝዋዜውን የምታስተምር ሌላ ወጣት አለች። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ እሁድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይማራሉ። ክፍያው በወር 1,500 ብር ነው። እህትማማቾች ከሆኑ ሁለተኛዋ በግማሽ ትገባለች።

ይሄ ገንዘብ ለእኔ ቀላል አይደለም። ባለቤቴም መጀመሪያ «በዚህ ብር የሒሳብ አስጠኚ አንቀጥርላትም ወይ?» ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ብዙ ዓመት በችሎት ጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ምስክርና ተከራካሪ የሚናገረውን መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር። ወጣት ሴቶች ቀርበው ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ ድምፃቸው እኔ ጋ አይደርስም። እውነቱ እጃቸው ላይ ነው። ቀኑን ያውቁታል፣ ሰዓቱን ያውቁታል፣ ማን ምን እንዳለ አይጠፋቸውም። ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ነው የሚናገሩት። ዳኛው «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ይላሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከፍ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ያልሰማሁትን መጻፍ አልችልም። ስንቷ ሴት ዋናውን ነገር ተናግራ ሳይመዘገብላት እንደወጣች ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ደግሞ የተማሩ ነበሩ። 10ኛ የጨረሱ አሉ፣ ዲፕሎማ ያላቸው አሉ። ትምህርት ቤት ጽፈው እንዲያልፉ እንጂ ቆመው እንዲናገሩ አላስተማራቸውም። ቤትም አላስተማራቸውም። «ጨዋ ልጅ ድምፅዋ አይሰማም» እየተባሉ ነው ያደጉት። እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት። ልጄ 7ኛ ክፍል ስትገባ ይሄው ነገር ሲጀምራት አየሁ። ቤት ውስጥ እንደልቧ የምትለፈልፍ ልጅ እንግዳ ሲመጣ አፏ ይያዛል። ሱቅ ልኬያት ባለሱቁ ሳይሰማት ሌላ ሰው ቀድሞ ይገዛል።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። መኖሩ ደስ ይላል። ግን ልጄ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ከሰሌዳ ላይ በመገልበጥ ነው። የቲያትርን ትርጉም ጻፉ፣ የውዝዋዜ ዓይነቶችን ዘርዝሩ ይባላሉ። ደብተሯ ሞልቷል። አንድም ቀን ከወንበሯ ተነስታ አልተጫወተችም። ሚኒ ሚዲያው ላይ የሚናገሩት ደግሞ ሁሌም እነዚያው ደፋሮቹ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ወደ አቶቴው ግቢ ወሰድኳት።

የመጀመሪያው ወር ብዙ ወላጅ የሚያማርርበት ነው። ድራማ የለም፣ መድረክ የለም፣ የሚለበስ ልብስ የለም። መተንፈስ፣ መቆም፣ መራመድ፣ መናገር ብቻ ነው። አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጣ «ለመተንፈስ ነው እንዴ የምንከፍለው?» ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ግን በጣም የወደድኩት ያንን ወር ነው። ምክንያቱን ላሳያችሁ።

ልጆቹ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። አንዱ ረድፍ በበሩ በኩል፣ ሌላው በግድግዳው በኩል። መካከላቸው ሰፊ ግቢ ነው። እያንዳንዷ ስሟን፣ ሰፈሯንና ዛሬ የምትፈልገውን አንድ ነገር ለማዶዋ ልጅ ትነግራለች። ማዶ ያለችው የሰማችውን ደግማ ትናገራለች። ካልሰማች ዝም ትላለች፣ ያችኛዋ እንደገና ትጀምራለች። ያን ቀን ዝናብ መጣና ከበረንዳው ቆርቆሮ ስር ገቡ። የሐዋሳን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ሲደበደብ አጠገብህ ያለ ሰው አይሰማም። ልምምዱ ግን አልተቋረጠም። አንዲት ቀጭን ልጅ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ሚስ ጠጋ ብላ «ጮኸሻል፣ ግን አልተሰማሽም። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። ስትተነፍሺ ትከሻሽ ሳይሆን ሆድሽ ይነሳ» አለቻት። ልጅቷ ጊዜ ወሰደች። ትንፋሿን ሳበች። ከዚያ ሳትጮህ ተናገረች፣ እኔም ከበሩ አጠገብ ከተቀመጥኩበት ጥርት ብሎ ደረሰኝ። «የምፈልገው እናቴ እንድትመጣና እንድታየኝ ነው» ነበር ያለችው።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ሚስ ሁልጊዜ የምታርመው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ነው። ልጆቹ ሲጀምሩ ደህና ይጀምሩና መጨረሻውን ይውጡታል። አማርኛ ደግሞ ፍሬ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። «ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር...» ካልሽ በኋላ «ነበርኩ» ይሁን «አልነበርኩም» ካልተሰማ ምኑን ተናገርሽው? ችሎት ውስጥ ስንት ጊዜ እጄን አንስቼ «መጨረሻውን አልሰማሁም» እንዳልኩ አስታወሰኝ። ይህን የሚያስተምር ሌላ ቦታ እስካሁን አላየሁም።

ከሁለተኛው ወር በኋላ ድራማ ይጀምራሉ። የተጻፈ ነገር አይሰጣቸውም። ራሳቸው ከሚያውቁት ኑሮ ያወጣሉ። እኔ ያየሁት የተከራይና የአከራይ ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በየግቢው አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ተከራይተው እንደሚኖሩ የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በድራማው አከራይዋ በድንገት ኪራይ ትጨምራለች። ልጄ አከራይዋን ሆና ስትጫወት የገዛ አክስቴን አየሁባት፤ አረማመዷ፣ ቁልፍ ማንቀጫቀጯ!

አንዷ ተከራይ ሆና ወጣችና አለቀሰች። አከራይዋ አልራራችም። ሚስ አጨበጨበችና አስቆመች። «ማን ሌላ መንገድ አለው?» ስትል ሌላዋ ተነስታ ገባች፤ ተሳደበች። እቃዋን ይዛ ውጪ ተባለች። ሦስተኛዋ ስትገባ ግን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ድምፅዋን ሳትቀይር «እትዬ፣ የተዋዋልነው ወረቀት አለ አይደል? እስቲ አብረን እናንብበው» አለች። ልጄ መልስ አጣች። አከራይዋ ስታቅማማ ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ይሄ አሠራር ፎረም ቲያትር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ያስፋፋው ነው። ተመልካቹ ዝም ብሎ አያይም፤ ተነስቶ ገብቶ የታሪኩን መንገድ ይቀይራል። ከዚያ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። አከራይ የነበረችው ተከራይ ትሆናለች። አንዲት ልጅ በሌላው ሰው ቦታ ቆማ ስትከራከር ክርክር ምን እንደሆነ ይገባታል። ይህን በንግግር ብቻ ማስተማር አይቻልም።

ውዝዋዜውን በተመለከተ መጀመሪያ ብዙም አልጠበቅሁም ነበር። ጠቃሚነቱ የገባኝ ልጆቹን ከኋላ ሆኜ ሳይ ነው። 12፣ 13 ዓመት ላይ ሴት ልጅ መጉበጥ ትጀምራለች። ደረቷን ለመደበቅ ትከሻዋን ወደ ፊት ትሰበስባለች፣ ቦርሳዋን ታቅፋለች። እስክስታ ደግሞ ትከሻ ሳይከፈት አይሆንም። አሰልጣኟ ስለ ሰውነታቸው አንድም ቃል ሳትናገር፣ ልጆቹ ከሳምንት ሳምንት ቀና እያሉ ይሄዳሉ። የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የጉራጌ ሁሉንም ይሞክራሉ። ከሲዳማ ዘመን መለወጫ ከፍቼ ጨምበላላ በፊት አንዲት የሲዳማ እናት መጥተው ዘፈኑንና አካሄዱን አስተምረዋቸዋል። ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በዓሉ የሚከበርበት የጉዱማሌ አደባባይ በሰው ሲሞላ ልጆቻችን በስልክ ከሚቀርጹ ይልቅ የሚያዩትን አውቀው ቢያዩ የተሻለ ነው። ልጄ ሲዳምኛ አትናገርም። ግን ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ አሁን ትነግረኛለች።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ጓዳው ውስጥ ሞዴስ የተቀመጠበት ካርቶን አለ። ማንንም ሳታስፈቅድ የሚያስፈልጋት ትወስዳለች። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ መዝለል ካልፈለገች በድምፅ ልምምዱ ብቻ ትሳተፋለች፤ ለምን ተብላ አትጠየቅም። በዚህ ምክንያት የሚቀር ልጅ የለም። ለሴት ልጆች ነው ሲሉ እንዲህ ዓይነቱን ነገር አስበውበታል ማለት ነው።

ለወላጅ የሚያሳስበውን ደኅንነትም ልንገራችሁ። አሰልጣኞቹ ልጅ ከመንካታቸው በፊት ያስፈቅዳሉ፤ «ትከሻሽን ላስተካክለው?» ሲሉ ራሴ ሰምቻለሁ። ወላጅ ካልፈረመ ፎቶም ቪዲዮም አይነሳም። በፈለጋችሁ ሰዓት ገብታችሁ በረንዳው ላይ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ በሩ አይዘጋባችሁም። ከዚህ በፊት ለወር ያህል የሞከርነው ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ ሥራው ሁሉ ለቲክቶክ የሚሆን ውዝዋዜ መቅረጽ ነው። ልጆቹ ልብሳቸው ምን ያህል እንደሚያምር ይነገራቸዋል እንጂ የሚማሩት የለም። ቪዲዮውን ያየሁት ከተለቀቀ በኋላ ነው። በዚያው አስወጣኋት።

አሁን ደግሞ ሰው የሚለው። አማቴ ወሬውን ሲሰሙ «ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው እንዴ?» አሉኝ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ «ዐይን አውጣ እንዳትሆንብሽ» አለች። ለአማቴ ቁጭ ብዬ ነው ያስረዳኋቸው። «እማማ፣ ወይዘሮ ሰንዱ ገብሩን ያውቋቸዋል?» አልኳቸው። ስማቸውን ያውቃሉ። በ1950 ዓ.ም. ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ከዚያ በፊት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ያኔ ለሴት ተማሪዎቻቸው ቲያትር እየጻፉ መድረክ ላይ ያወጧቸው ነበር። ይህን ያደረጉት ልጆቹን ዘፋኝ ለማድረግ አልነበረም። አገር መምራት የሚችሉ ሴቶች ለማውጣት ነው። ራሳቸውም ፓርላማ ገብተው አሳዩት።

አዝማሪነትም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር የለውም። ድሮ መድረክ ላይ የሴትን ቦታ ሳይቀር ወንዶች ነበሩ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት። አስናቀች ወርቁና መሰሎቿ ስድቡን ችለው ስለወጡ ነው ዛሬ ሴት ተዋናይ ማየት ብርቅ ያልሆነው። አስናቀች ክራር ስትመታ አማቴ ራሳቸው በሬዲዮ ያዳምጧት ነበር። ይህን ሳነሳ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሷማ ሌላ ናት» አሉኝ። ቢሆንም ለገና በዓል በተዘጋጀው ዝግጅት መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

ደግሞስ አበባየሆሽን ማን አስተማረን? በእንቁጣጣሽ ሴት ልጆች ከቤት ቤት እየሄዱ፣ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ ሲቀበሉ፣ ከበሮ እየመቱ በማያውቁት ሰው ደጅ ቆመው ሲዘፍኑ ማንም ዐይን አውጣ አላላቸውም። አውጪዋ ልጅ ግጥም ታስታውሳለች፣ ምት ትጠብቃለች፣ የባለቤቱን ፊት አይታ ግጥሙን ትቀይራለች። ይህ ችሎታ በዓመት አንድ ቀን ተፈቅዶ በቀረው ጊዜ የሚታፈነው ለምንድን ነው? ሚስ አውጪና ተቀባይ የሚለውን ሥርዓት ከዚያው ወስዳ ለድምፅ ልምምድ ትጠቀምበታለች። ሁሉም ልጅ ተራዋ ሲደርስ አውጪ ትሆናለች። አይናፋርም ብትሆን።

ለውጥ አለው ወይ ለምትሉኝ፦ አለው። ሁሉም ነገር ላይ ግን አይደለም። የልጄ የሒሳብ ውጤት እንደነበረ ነው፤ ባለቤቴም አስጠኚውን እየፈለገ ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። የአማርኛ ንባቧ ፈጥኗል፤ ቃል ማጥናት ስለለመደች ይመስለኛል። የሳይንስ የቡድን ሥራቸውን ክፍል ፊት ያቀረበችው እሷ ናት። ከሁሉ የደነቀኝ ደግሞ የፈተና ወረቀቷ ነው። ነጥቡ ሲደመር ተሳስቶ ነበር። ድሮ ቢሆን እኔን ነበር የምትልከኝ፤ ወይ ጭራሽ አትነግረኝም። ራሷ እረፍት ሰዓት ላይ መምህሩ ጋ ሄዳ «መምህር፣ ድምሩን አብረን ብናየው?» አለች። ተስተካከለላት። ቤት መጥታ ስትነግረኝ የተከራይዋን ዓረፍተ ነገር እንደወሰደችው ገባኝ፤ አላነሳሁባትም።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ምንጣፍ የለም። የልጄ ጉልበት ተልጦ ያውቃል። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ብቻ ስለሆነ በእረፍት ሰዓት ሰልፍ ነው። ሰዓት አያከብሩም። 6 ሰዓት ያሉት 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ከዝግጅት በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ጀንበር እስክትጠልቅ ያቆዩአቸው ነበር። ያን ጊዜ ተቆጥቼ ተናግሬያለሁ። ሴት ልጅ በጨለማ ባጃጅ ፍለጋ መቆም የለባትም። እነሱም ተቀብለው በቴሌግራም ግሩፑ ላይ የመውጫ ሰዓት ማሳወቅ ጀምረዋል፤ አሁንም ግን የሚያረፍዱበት ጊዜ አለ። ሌላው፣ መብራት ሲጠፋ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ይሰረዛል፤ ከበሮ እያለ ለምን እንደሚሰረዝ አልገባኝም።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። በነፃ የሚማሩት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። ይህ ስልጠና ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው 1,500 ብር የሌላቸው ናቸው። ፋብሪካ የሚሠሩት፣ ሰው ቤት ተቀጥረው ማታ የሚማሩት፣ አሞራ ገደል ከእናታቸው ጋር ዓሣ የሚሸጡት ልጆች። ችሎት ፊት ድምፃቸው ያልተሰማኝ ሴቶች ከእነዚህ ቤት የመጡ ነበሩ። ይህን ለሚስ ነግሬያታለሁ። ኪራዩ እንደከበዳት፣ እሁድ ጠዋት ግቢው ባዶ ስለሆነ አስተማሪ ከተገኘ መክፈት እንደምትችል ነገረችኝ። እኛ የምንከፍል ወላጆች ትንሽ ትንሽ ብንጨምር የሚሆን ይመስለኛል። እኔ 200 ብር ለመጨመር ዝግጁ ነኝ። በግሩፑ ላይም ጽፌዋለሁ፤ የተስማሙ እናቶች አሉ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ስለ ሰዓቱና ስለ ወለሉ ነው። ልጃችሁ ታዋቂ እንድትሆን ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ እዚህ ያንን አይሰጡም።

ለመመዝገብ ቅዳሜ ከ6 ሰዓት በኋላ ሂዱ። በትምህርት ሰዓት ሚስ ስልክ አታነሳም። የልጅቷን የልደት ካርድ ኮፒና አንድ ፎቶ ያዙ። ጠፍጣፋ ጫማ፣ ሰፋ ያለ ሱሪና የሚጠጣ ውኃ ያስፈልጋታል። ረጅም ካልሲ ግዙላት፤ ለጉልበቷም ይሆናታል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን በነፃ እንድትሞክር ጠይቁ፤ ይፈቅዳሉ። የምትሞክረው ቀን ላይ አብራችሁ ቆዩ፣ ግን ከበረንዳው ወዲያ ማዶ ተቀመጡ። እናቷ አጠገቧ ካለች አትናገርም።